ፊልሙን ማን አየው?

ጥያቄ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ዕድሜዬ 66 ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዶሮ ማነቂያ አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን፤ ዛሬ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ገላን ስለሚኖር ከተማዋን በዳር በዳሯ ተከፋፍለናታል ማለት ይቻላል። በወጣትነታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ አምፒር ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ ሳንገባ የቀረንበት ሳምንት ጥቂት ነበር። በቅርቡ የተገናኘነው ግን የአንደኛው ወንድም አርፎ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ነው። እዚያው ተቀምጠን ሳለ «በደህና ቀንም እንገናኝ እንጂ» ተባባልንና ባለፈው ቅዳሜና እሁድ እኔ ቤት እንዲያድሩ ጋበዝኳቸው። ልጄ አራት የድሮ ፊልሞች በፍላሽ ጭኖ ሰጠኝ፤ ባለቤቴም ዶሮ ሠራች።

እንደጠበቅኩት አልሆነም። የጀሞው ጓደኛዬ ጉልበቱን ያመዋል፤ እርሱ ራሱ የሚኖረው ምድር ላይ ባለ ቤት ነው። ደረጃውን ሲወጣ በየፎቁ እየቆመ ስልክ ሲያወራ ከላይ ሆኜ አየሁት። ቤት እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቻርጀር ነበር፤ ስልኩ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። የአማርኛው ፊልም እንደተጀመረ የቱሉ ዲምቱው «ምን አለ? ምን አለ?» ማለት ጀመረ፤ ድምፁን ብጨምርለትም አላቆመም። በሁለተኛው፣ በህንዱ ፊልም ላይ ደግሞ የገላኑ ከታች የሚወጣውን ጽሑፍ ሊያነብ የማንበቢያ መነጽሩን አጠለቀና «ልጅህ የተበላሸ ኮፒ ነው የሰጠህ» አለኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሦስቱም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ እኔም ፍራሽ ሳነጥፍና ብርድ ልብስ ስፈልግ አመሸሁ። እሁድ ሦስተኛውን እንደጀመርን መብራት ጠፋ፤ እነርሱም ታክሲ እንዳያጡ ተጣድፈው ሄዱ። የቅዳሜውን ፊልም እስከ ፍጻሜው የተከታተሉት፣ ድምፁን ሰምተው በራችንን ያንኳኩትና «ይግቡ» ያልናቸው የፎቄ ጎረቤት ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውን ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ አላውቃቸውም።

ልጄ «አባዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፊልም ማየት የልጅ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ ጓደኝነታችን አብሮን አርጅቶ ይሆን? ድጋሚ ልጥራቸው ወይስ በለቅሶና በሠርግ መገናኘቱ ይብቃን?

ጡረተኛው፣ ከየካ አባዶ

መልስ

ድጋሚ ይጥሯቸው፤ እርስዎ ቤት ግን አይሁን። ምድር ላይ ባለው በጀሞው ጓደኛዎ ቤት ብትሰበሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው በጠፋ ስልክ ከማውራት ይድናል። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ መናገር ያሳፈረው ሰው፣ ያልደወለለትን ሰው እያነጋገረ አራት ፎቅ የሚወጣው ለዶሮ ወጥ ብሎ አይደለምና፣ ጓደኝነታችን አርጅቶ ይሆን ወይ ያሉኝን ጥያቄ እርሳቸው ደረጃው ላይ መልሰውልዎታል ብዬ አምናለሁ። የልጅዎን ሳቅም ይለፉት፤ ፍላሹን የጫነው እርሱው ነው።

ያረጀ ነገር እንዳለ ግን አልክድም። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉት፣ ቃልን ከቃል የሚለዩልን ድምፆች ደግሞ ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ የቱሉ ዲምቱው ጓደኛዎ ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማሉ፣ ምን እንደተናገረ ግን አይለዩም፤ ከሥር ሙዚቃ ሲገባበት ጭራሹን ይጠፋባቸዋል። ድምፁን ሲጨምሩላቸው ሙዚቃውም አብሮ ስለሚጨምር ንግግሩ አይጠራም፤ ጎረቤትዎን በር ላይ ያመጣቸውም ይኸው ጩኸት ሳይሆን አይቀርም። የቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ንግግርን የሚያጎላ ምርጫ ካለው እርሱን ይክፈቱ፣ ሰውዬውንም ቀረብ አድርገው ያስቀምጧቸው። ጆሯቸውን ሐኪም ቢያየውም ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የኩክ ሆኖ ይገኛል። የገላኑ ጓደኛዎ ነገር ቀላል ነው። የማንበቢያ መነጽር የሚሠራው እጅ ላይ ለተያዘ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠን ቴሌቪዥን ያደበዝዘዋል፤ የልጅዎ ኮፒ ከክሱ ነጻ ነው። ይልቅስ የማያ ገጹን ብርሃን ከፍ ያድርጉት፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ በሌሊት የተቀረጸ ትዕይንት ለእናንተ ጨለማ ብቻ ነው።

ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛታቸውን ደግሞ እንደ ንቀት አይቁጠሩት። ሰው ሲያረጅ የሰውነቱ ሰዓት ስለሚቀድም በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜም ይነቃል። ፊልሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቢጀመር ኖሮ ማንም አያንቀላፋም፣ በ7 ሰዓት ምሳ ይቀርባል፣ ሁሉም በቀን ብርሃን ታክሲ ያገኛል። በልጅነታችሁ ሰዓት እላፊን ፈርታችሁ ወደ ቤት እንደሮጣችሁት ሁሉ፣ ዛሬ የታክሲ ሰልፍ ሌላው ሰዓት እላፊያችሁ ሆኗልና።

እዚህ ላይ ግን ልከራከርዎ። ድሮ ፊልም በጸጥታ ታዩ የነበረ፣ ዛሬ ግን ያቃታችሁ አድርገው ነው የጻፉልኝ። በዚያ ዘመን ፒያሳ ሲኒማ የገባ ሰው አዳራሹ እንዴት ያፏጭ እንደነበር አይረሳውም፤ ቀድሞ ያየው ለጎረቤቱ የሚመጣውን ይነግረዋል፣ አክተሩ ተነሥቶ መማታት ሲጀምር ጭብጨባው የፊልሙን ድምፅ ይውጠዋል፣ ቲኬት መግዣ ላጣው የሠፈር ልጅ ደግሞ ታሪኩን ከነድብድቡ መተረክ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ያኔም ቢሆን ፊልሙን በሥነ ሥርዓት ያየው ጥቂት ሰው ነው። ልዩነቱ፣ ያኔ ለመገናኘት ምክንያት መፈለግ አያስፈልጋችሁም ነበር፤ ቅዳሜ መሆኑ በቂ ነው። አሁን ግን ሁለት ቀን፣ አራት ፊልም፣ አዳርና ዶሮ ያለበት ድግስ አድርገውታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ባለቤትዎን አድክሞ በዓመት አንዴ ቢደገም ነው።

ጽዋ ማኅበር ያለው ሰው የዚህን መላ ያውቀዋል። የሚካኤል ማኅበርተኞች በየወሩ በ12 ይገናኛሉ፤ ተረኛው ይደግሳል፣ ቀጣዩ ጽዋውን ይረከባል፣ «በዚህ ወር ይመቻችኋል ወይ?» ተብሎ ስልክ አይደወልም። እናንተም ከወሩ አንዱን ቅዳሜ ቁረጡና በዚያች ቀን አንድ ፊልም ብቻ እዩ። ቤቱ የጀሞው ይሁን፣ ወጪው ግን በተራ፤ የእርስዎ ተራ ሲደርስ ከየካ አባዶ ምግቡን ቋጥረው መሄድ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ መሆኑን አላጣሁትም፣ ሆኖም ከአራት ፎቅ ደረጃ ይሻላል። ምግቡ ከሽሮ እንዳያልፍ ከመጀመሪያው ብትስማሙ ደግ ነው፤ የድግስ ፉክክር ከገባ ማኅበሩን የሚያፈርሱት ባለቤቶቻችሁ ናቸው፣ እውነትም አላቸው። መብራት ከጠፋ ቡና ይፈላል።

አራት ብቻ መቅረታችሁም አያስጨንቅዎ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ላውራ ካርስተንሰን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው በሩቁ የሚያውቃቸውን ቀስ በቀስ ይለቅና ለልቡ የቀረቡትን ይዞ ይቀራል።

ስለ ጎረቤትዎ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍዎ ቅር አሰኝቶኛል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል፣ በቅርቡ መኖሪያ የቀየሩ ሰዎችን ጭምር ጠይቀው እንዳገኙት፣ ሁለት ሰዎች የቅርብ ጓደኛ ለመባባል ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ ይፈጅባቸዋል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ አራት አራት ሰዓት ብትቀመጡ ይህ ከአራት ዓመት በላይ ነው፤ በር ለበር ለሚኖር ሰው ግን የማታ ቡና ስላለ ሒሳቡ በጣም ያጥራል። ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ወሬም አያጡም። የህንዱ ፊልም ሲያልቅ እርስዎ ብርድ ልብስ ፍለጋ ላይ ነበሩ፤ በምን እንዳለቀ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው።