አጋዘን ጥንዚዛ ነው ወይስ ባለረጅም ቀንድ?

ጥያቄ፦ የተቆረጠ ግንድ ላይ ትልቅ ቡናማ ጥንዚዛ አገኘሁ። መንጋጋው ጠንካራ ነው፣ አንቴናው ደግሞ ከጀርባው አልፎ ይሄዳል። ልጄ «አጋዘን ጥንዚዛ ነው» ብሎ ይሟገተኛል፤ እኔ ባለረጅም ቀንድ ይመስለኛል። ማናችን ልክ ነን? የቤቴን ዕቃስ ይበላብኝ ይሆን?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት፤ በልጅዎ ግን አይፍረዱ። መንጋጋ ስንቱን አዋቂ ያሳስታል! የአማዞኑ ቲታን ጥንዚዛ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ መንጋጋው የሚያስፈራ ፍጡር ነው፤ ወገኑ ግን ከባለረጅም ቀንዶቹ ነው። የአጋዘን ጥንዚዛ ሴቷ ደግሞ መንጋጋዋ አጭር ስለሆነ፣ ያ ዝነኛ «ቀንድ» የወንዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚታገልበት እንጂ የሚበላበት አይደለም፤ ምግቡ ከዛፍ የሚፈስ ጭማቂ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው አንቴናውን ነው። የአጋዘን ጥንዚዛ አንቴና አጭር ነው፣ መሀሉ ላይ እጥፍ ይላል፣ ጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቅጠል መሰል ክፍሎች አሉት። የባለረጅም ቀንዱ ግን አይታጠፍም፤ ብዙ ጊዜ ከሰውነቱ ጋር ይስተካከላል ወይም ይበልጠዋል። አጉሊ መነፅር ካለዎት ዐይኑን ይዩት። የብዙዎቹ ባለረጅም ቀንዶች ዐይን ክብ አይደለም፤ አንቴናው በሚወጣበት በኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሥሩን ይከበዋል። አንዴ ካዩት አይረሱትም።

ስለ ዕቃዎ፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከእጩ፣ ማለትም ገና ትል መሰል ከሆነው ልጁ ነው። የአጋዘን ጥንዚዛ እጭ ወፍራምና ጥቅልል ያለ ሲሆን የሚኖረው በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች፣ ለዓመታት። የቤት ዕቃ አይነካም። የባለረጅም ቀንድ እጭ ቀጥ ያለ ነው፣ የቆመ ዛፍም የወደቀ ግንድም ይቦረቡራል። ቢሆንም ከእርጥብ ግንድ የወጣ አብዛኛው ዝርያ ወደ ደረቅ ቁም ሳጥን አይዛመትም። ከእነዚህ የሚለየው የጥድ ዓይነት ደረቅ ጣውላ የሚበላው፣ «የቤት ጥንዚዛ» የሚባለው ባለረጅም ቀንድ ነው። ጣሪያዎ በጥድ ጣውላ ከተሠራ፣ ሞላላ ቀዳዳና ከሥሩ የፈሰሰ ዱቄት መሰል ብናኝ ይፈልጉ።

ሲይዙት ሲጥ ሲጥ ቢል አይደንግጡ፤ ብዙዎቹ ባለረጅም ቀንዶች ደረታቸውን እያፋተጉ ይጮኻሉ። ጣትዎን ግን ከመንጋጋው ያርቁ።