ለአዛውንቶቻችን ንጹህ አየር፦ ከሰሜን ሸዋ መጦሪያዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሩና ወላጅ ዘመድ እዚያ ያላችሁ ሰዎች ስለ ሳል፣ ስለ መስኮትና ስለ ማስክ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ሥራዬ ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ስለሆነ የማውቀውን እነሆ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ማታ ውርጩ አይቻልም። መስኮት ስንከፍት እማማዎቹ «ብርድ ልታስመቱን ነው ወይ?» ይሉናል። ምን ይሻላል?

እህቴ፣ እማማዎቹ እውነታቸውን ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአዛውንት ገላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ክፈቱት አልልም።

ግን ይህንን እወቁ። ቲቢ፣ ኮቪድና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት ከሰው ትንፋሽ እንጂ ከንፋስ አይደለም። አንድ ሰው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘምርም ቢሆን በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋሉ። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ካደረ አራቱም አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲስቡ ያድራሉ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ በርና መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ክፈቱ። ከምሳ በኋላና ከመኝታ በፊትም ድገሙት። ውጪው ቀዝቃዛ፣ ውስጡ ሞቃት ሲሆን አየሩ በፍጥነት ይቀያየራል። ግድግዳውና ዕቃው ሙቀቱን ስለሚይዙ ክፍሉ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ሌሊት ደግሞ ከላይ ያለችውን መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ ተዉአት። አልጋዎቹን ከመስኮቱ ሥር አንሱ። ለሰውየው ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ተጨማሪ ጋቢ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ስጡ። ሰውን ማሞቅ ክፍሉን ከማፈን ይሻላል።

በከሰል ብናሞቀውስ?

በፍጹም! የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ሽታ የለውም፣ በተኛበት ይገድላል። ፍም ሆኗል ብሎ ማስገባትም አያድንም። ለቡና የተቀጣጠለውም ማንደጃ መኝታ ክፍል አይደር።

አየሩ በቂ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ተከትሎ ባወጣው መመሪያ ለመኖሪያ ክፍል ቢያንስ ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር፣ ለሕሙማን ክፍል ደግሞ ለአንድ ታካሚ 60 ሊትር ንጹህ አየር ይላል። አምስት በአራት የሆነ፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ክፍል 60 ሜትር ኩብ ይይዛል። አራት ሰው ካደረበት፣ በትንሹ ልኬት እንኳ የክፍሉን ያህል አየር በየ25 ደቂቃው መግባት አለበት ማለት ነው። በሕሙማኑ ልኬት ከሆነ በየአራት ደቂቃው ነው።

መሣሪያ ከሌለ ጧፍ አብርታችሁ አጥፉና ጭሱን ተመልከቱ። ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በሩ እየተሳበ ከሄደ ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ከተኛ አየሩ ቆሟል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ፣ ውጪ ላይ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420 ማለት ነው) አካባቢ ያነባል። ውስጥ ከ800 ካለፈ ክፈቱ።

አንድ አባባ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስላሉ። ሁሉም «ብርድ ነው፣ ይተዋቸዋል» ይላል።

ዝም ተብሎ አይጠበቅም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለቲቢ ምርመራ ይላካል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፣ አክታቸው ይመርመር። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

አዛውንቶች ላይ ቲቢ የሚደበቅበት ምክንያት አለ። በወጣትነት የገባው ጀርም ለአሥርተ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና አቅም ሲደክም ይነሳል። ትኩሳቱም ላይታይ ይችላል። ምግብ መተው፣ መክሳት፣ ድንገት ግራ መጋባት ብቻ ሊሆን ይችላል። «እርጅና ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ይህ አባባል ያሳስበኛል፤ ሊድን የሚችል ሰው የሚጎዳበት አባባል ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ማስክ ያድርጉ፣ ከተቻለ ብቻቸውን መስኮት ያለው ክፍል ይተኙ። የነበሩበትን ክፍል በርና መስኮት ከፍታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ሳይገባበት ይቆይ። አብረዋቸው ያደሩትም ይመርመሩ። ቲቢ በብርጭቆ፣ በሰሃንም ሆነ በብርድ ልብስ አይተላለፍምና ዕቃቸውን ለይታችሁ አታሳፍሯቸው። መድኃኒቱ ሲሠራ በሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ግን የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ አብራችሁ ቁጠሩላቸው።

የትኛው ማስክ ይሻላል? ነጠላ በአፍ ላይ መያዝስ?

ነጠላው ከምንም ይሻላል፣ ግን አየሩ በጎን ይገባል። የሚያስለው ሰው የቀዶ ሕክምና ማስክ ያድርግ፤ ጠብታውን ከምንጩ ይይዛል። እሱን የሚያጥብና የሚያበላ ሠራተኛ ኤን 95 ቢያገኝ ነው የምመኘው። ቢያንስ 95 በመቶ ቅንጣት ያጣራል፣ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ። ጺም ካለ አይገጥምም።

እጣን ብናጨስ፣ ባሕር ዛፍ ብንቀቅል፣ በረኪና ብንረጭስ?

አየሩን አያጸዱትም። ጭሱና በረኪናው የታመመ ሳንባን ያባብሳሉ። በረኪና በትክክል በጥብጦ ለወለል ነው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ቬንቲሌተር (የአየር ማራገቢያ) አለን። በሽታ ይበትናል ይባላል፣ እውነት ነው?

መስኮት ዘግታችሁ ካዞራችሁት ያንኑ አየር ያመላልሳል። መስኮት ላይ ፊቱን ወደ ውጪ አዙራችሁ አስቀምጡት፣ በሩን ክፈቱ፤ የታፈነውን ያወጣዋል። ከሚያስል ሰው ጀርባ ሆኖ ወደ ሌሎች እንዳይነፍስ ብቻ ተጠንቀቁ።

ለገና ቤተሰብ ይመጣል። እንከልክል?

እንዳትከልክሉ፣ እለምናችኋለሁ። ሰው ያጣ አዛውንት ምግብም ይተዋል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጡና እዚያ ይጫወቱ። ውጪ አየሩ ወዲያው ስለሚበተን መተላለፉ በእጅጉ ይቀንሳል። ጉንፋን የያዘው ግን ሲሻለው ይምጣ። ይህን ከበር ላይ ከመናገር አስቀድሞ በስልክ መንገር ይሻላል።

መሐል ሜዳ ከተማ አዲስ ክፍል ልንሠራ ነው። ምን እናስብ?

መስኮት በሁለት ትይዩ ግድግዳ ላይ ይሁን። ከበሩ በላይ የሚከፈት ቀዳዳ ተዉ። ጣሪያው ከፍ ይበል። ፔሩ ውስጥ፣ ሊማ ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ የድሮ ክፍሎች መስኮታቸው ሲከፈት ከዘመናዊዎቹ በተሻለ አየር ይቀያየሩ ነበር። ርካሹ ጥበቃ ግንበኛው ሥራ ሳይጀምር የሚወሰነው ነው።

ሠራተኛ ነኝ። እያሳለኝ እገባለሁ፣ ከቀረሁ ቀኑ ይቆረጥብኛል።

ይህ የአንቺ ጥፋት አይደለም። ለአስተዳዳሪዎች ነው የምናገረው፦ የታመመ ሠራተኛ ቀን አይቆረጥ። ጀርሙ ከውጪ ወደ መጦሪያ የሚገባው በአብዛኛው በሠራተኛና በጠያቂ ነው። ለጥቂት ቀን የምትከፍሉት ደመወዝ ብዙ አዛውንት ከመታመም ያድናል። እስከዚያው አንቺ ማስክ አድርጊ፣ ከተቻለ ወጥ ቤት ወይም ልብስ አጠባ ላይ ይመድቡሽ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አንቺም ተመርመሪ።