ደሴ ላይ የሚያስለው ሲቢአር፦ ቤንዚን አልጠማውም፣ በዝቶበታል

ከደሴ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲገባው ጥያቄህን መጀመሪያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ሞተርህ በፈረንጅ የ1993 ሞዴል ሆንዳ ሲቢአር 600 ሞተር ሳይክል ነው። ጉልበት ይጨምራል ብለውህ የፋብሪካውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አውጥተህ አጭር አስገጠምክ። የአየር ሳጥኑን አስነስተህ በቦታው አራት ሾጣጣ ፊልትሮ አስገባህ። ሠራተኛው ደግሞ «ማርሚታው ሲከፈት ቤንዚን ይጠማዋል» ብሎ የአራቱንም ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ዕቃ) ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ናስ፣ አሰፋልህ። አሁን ጋዝ ሳትሰጠው (ሚኒሞ ላይ) አይረጋም፣ ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ ዙር ያስላል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ኮምቦልቻ ስትወርድ ግን ትንሽ ይሻለዋል። «ጋሼ፣ ጄቱን ከዚህ በላይ ላስፋው ወይስ ካርቡራተሩን ልቀይር?» ነው ያልከው።

አብሽር። ሁለቱንም አታድርግ።

«ኮምቦልቻ ስወርድ ይሻለዋል» ያልካት ነገር ለእኔ በቂ ናት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ሲወርድ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። የሚሻለው ቤንዚን የበዛበት ነው። የካንዴላው ጥላሸትም ይህንኑ ይናገራል። እንድታምነኝ አንድ ነገር ሞክር፦ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርገው። ከባሰበት በዝቶበታል ማለት ነው። ከተሻለው ተሳስቻለሁ፣ መልሰህ ጻፍልኝ።

ስለ ሥራው ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር። ይህን ሞተር እያስተካከልክ ባለህበት ጊዜ ሐረጎን፣ ያንን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ በፎሌ (ማርሽ ሳታስገባ) እንዳትወርድ። ቤንዚን ስለሚበላ ለቁጠባ ብለህ ሞተር አጥፍተህ እንደምትወርድ ጽፈህልኛል፤ ሳነበው ደነገጥኩ። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አየር። ይህን ረዘም አድርጌ የማስረዳህ ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ስለሚገባ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ፒስቶኑ ሲወርድ የሚስበው መጠን ያው ነው፣ ሲሊንደሩ አልጠበበም፤ የሚገባለት አየር ግን የሳሳ ነው። ቤንዚኑስ? ቤንዚኑን ከጄቱ የሚስበው የሚያልፈው አየር የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ነው። ችግሩ አየሩ በሩብ ሲቀንስ ቤንዚኑ አብሮት በሩብ አይቀንስም፣ የሚቀንሰው በግማሹ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይነካው፣ ፋብሪካው እንዳወጣው ሆኖ፣ ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደሴ የገባ ካርቡራተር በራሱ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ያበዛል። ሽሮው ላይ ውሃውን ቀንሰህ ዱቄቱን ብዙም ሳትቀንስ እንደመሥራት ነው፣ ይወፍራል። የአንተ ዓይነቱ በዲያፍራም (በስስ ላስቲክ) የሚሠራ ካርቡራተር ጥቂቱን ያካክሳል፣ ሁሉንም ግን አይችልም። እንግዲህ ፋብሪካው ልክ ያለው ጄት እንኳ ደሴ ላይ ትልቅ ነው፤ ያንተ ሰው ደግሞ በዚያ ላይ አሰፋው! ባሕር ዳርቻ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ምክር ወስዶ ጦሳ ተራራ ሥር ሠራበት ማለት ነው። የዚያ ዘመን የሆንዳ የጥገና መጽሐፍ ሳይቀር ከ2000 ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው አነስ ያለ ዋና ጄት እንዲገባ ያዛል።

ጉልበቱም እዚሁ ላይ ነው ያለው። ይህ ሞተር አዲስ ሆኖ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ደሴ ላይ ከ75 ብዙም አይርቅም። ማርሚታ ቀይረህ የምታገኘው ጥቂት ነው፣ ከፍታው የወሰደብህን አይመልስም። ድምፁ ግን ጉልበት የጨመረ ያስመስልሃል።

ወደ ሥራው እንግባ። ሳልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) አንሳ፣ አራቱንም ካርቡራተር አንድ ላይ አውጣቸው፣ ከታች ያሉትን ጎድጓዳ ክዳኖች ፍታ። የክዳኖቹ ብሎን ለስላሳ ስለሆነ ልኩን የሚገጥም ካቻቢቴ ተጠቀም። ይህን ስትሠራ ከሰል የተያያዘበት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ አጠገብ አትሁን። ዋናውን ጄት አውጣና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገህ እየው። የፋብሪካ ቀዳዳ ክብ ነው፣ ውስጡ ያበራል። በትራፓኖ የሰፋ ከሆነ ውስጡ የተጫረ ነው፣ ጠርዙ ላይ የናስ እሾህ ይታይሃል፣ አራቱም እኩል አይሆኑም። ያንተዎቹ እንደዚህ እንደሚሆኑ እጠረጥራለሁ፤ ምክንያቱም «አሰፋልኝ» አልክ እንጂ «ቀየረልኝ» አላልክም። ጄት በመሰርሰሪያ አይሰፋም! በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካን ቀዳዳ በዓይን ግምት መብሳት ሞተር ማበላሸት ነው። በዚህ ሥራ ስንት ደህና ሞተር ተጥሎ አይቻለሁ።

እነዚያን መልሰህ አትግጠማቸው። ለሞዴልህ የፋብሪካው ቁጥር ስንት እንደሆነ ከጥገና መጽሐፉ እይና ያንን ቁጥር፣ ከሱ ደግሞ በአንድና በሁለት ደረጃ የሚያንሱትን አራት አራት አድርገህ ግዛ። ኦሪጅናል ኬሂን (የካርቡራተርህ ሠሪ) ፈልግ። በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን የጄት ኪት አትንካው። ቁጥሩ 115 ይላል፣ ስትለካው ሌላ ነው፣ ከአራቱ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ብሩን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ።

ሾጣጣዎቹን ፊልትሮዎችም አውጣ። የአየር ሳጥኑን አልጣልክም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያንተ ካርቡራተር በውስጡ ያለውን የራሱን ትንሽ ፒስቶን የሚያነሳው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ ከፊቱ የረጋ አየር ይፈልጋል። ሳጥኑ ሲነሳ ነፋሱ እንደፈለገ ይመታዋል፣ ፒስቶኑ ይንቀጠቀጣል፣ መካከለኛ ዙር ላይ ማሳሉ ከጄቱ ሌላ ከዚህም ነው። በዚያ ላይ ርካሹ ፊልትሮ የኛን አገር አቧራ አያቆምም። አቧራው የሚበላው ፋሻህን (የሞተሩን ፒስቶን ቀለበት) ነው።

ካርቡራተሩን እንደከፈትክ ዲያፍራሞቹን እይ። ላስቲኩን ወደ ብርሃን ዘርጋው፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንኳ ካለች መቀየር አለበት። በሲልኮን የተለጠፈ ካገኘህ ያው የበፊቱ ሠራተኛ ነው፣ አንሳው። ሲልኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ተነቅሎ ጄት ውስጥ ይገባል። ከዚያ የካርቡራተሮቹን አራት ፒስቶኖች በጣትህ አንስተህ ልቀቃቸው። ቀስ ብለው፣ እኩል መውረድ አለባቸው።

መጀመሪያ በፋብሪካው ቁጥር ግጠም፣ ከዚያ በአንድ ደረጃ ዝቅ በል። ካንዴላውን አዲስ አድርግ፣ በጥላሸታሙ ላይ ምንም አይነበብም። ሙከራውን ቦሩ ሜዳ በኩል ሜዳው ላይ፣ በጠዋት፣ ሰውና ከብት ሳይወጣ አድርገው። ቁልቁለት ላይ አይሆንም። በሙሉ ጋዝ ትንሽ ሂድና ፍሪሲዮን ይዘህ ወዲያው አጥፋው፣ ከዚያ ካንዴላውን አውጣ። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል። ጥቁር ከሆነ አንድ ደረጃ ደግሞ ቀንስ። ነጭ ከሆነ ግን አልፈሃል፣ ቶሎ መልስ፤ የሞተሩ ፒስቶን ይበሳል። አራቱን ካርቡራተር እኩል ማድረግ መለኪያ ይፈልጋል፣ እሱን መለኪያ ላለው ሰው ስጥ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ለደሴ በተቀነሰ ጄት ከሚሴ ወይም ወደ አፋር ወርደህ በሙሉ ጋዝ አትንዳ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል።

ጉልበት ከፈለግክ ደግሞ በካቴናው በኩል ና። የፊተኛውን ጥርስ በአንድ ቀንስ፤ የኋላውን ኮሮና በሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር አንድ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንስብሃል፣ ግን ወሎ ውስጥ ያንን ፍጥነት የምትነዳበት መንገድ የት አለ? ዳገቱን ግን ይቆርጠዋል። ካቴናና ጥርሶቹን አንድ ላይ ቀይር። በርካሽ የሚሸጠው ጥርስ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ወዲያው እንደ መንጠቆ ይቆለመማል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። የፍሬን ቱቦዎችህ ከሞተሩ ጋር የመጡ ከሆኑ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ላስቲኩ ስትጨብጥ ያብጣል፣ ጉልበትህ ዲስኩ ጋ አይደርስም። ዘይቱ ከጠቆረ ውሃ ስቧል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና መያዣው እስከ መሪው ድረስ ባዶውን ይገባልሃል። በፎሌ ስትወርድ ደግሞ የሚያግዝህ የሞተር ጉተታ የለም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ፊት ለፊትህ ደግሞ ወደ ደሴ የሚጎተት የጭነት መኪና አለ። ስለዚህ ሐረጎን በማርሽ ውረድ። ዶት 4 አዲስ ዘይት ሙላ፣ በየ2 ዓመቱ ቀይረው፣ ቱቦውን በሽቦ የተሸመነ አድርገው። የጎማውንም ዕድሜ እይ፣ ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጅ።

ብርህ ለሁሉም ካልበቃ ጥርሱ ይቆይ። ፍሬኑን አስቀድም፣ ከዚያ ጄቱን። የወጡትን ጄቶች ወደ ብርሃን ይዘህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ቀዳዳቸው በትራፓኖ የሰፋ መሆን አለመሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያው በፎሌ አትውረድ።