ብቻውን የተቃወመው ዳኛ፦ ስለ ጆን ማርሻል ሃርላን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካዊው ዳኛ ስለ ጆን ማርሻል ሃርላን ሕይወትና ቤተሰብ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ማነው? በአጭሩ ንገረን።

መልስ፦ በ1833 ኬንታኪ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ሃርላን ጠበቃና የምክር ቤት አባል ነበር። ልጁን በታዋቂው ዋና ዳኛ በጆን ማርሻል ስም ጠራው። የልጁን ሙያ ገና በሕፃንነቱ የመረጠለት ይመስላል። ልጁም ሕግ ተማረ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ከሰሜኑ ጦር ጋር ኮሎኔል ሆኖ ዘመተ። አባቱ በ1863 ሲሞት ቤተሰቡን ሊረዳ ከጦሩ ወጣ። በ1877 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በ1911 እስኪሞት ድረስ ወንበሩን አልለቀቀም።

ጥያቄ፦ ባሪያ ነበረው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልንደብቀው አይገባም። ከአባቱ ጀምሮ ባሪያ አሳዳሪ ቤት ነው። የዘመተው አገሩ እንዳትከፈል ብሎ እንጂ ባሮችን ነፃ ለማውጣት አልነበረም። የሊንከንን የነፃነት አዋጅ ነቅፏል፤ ባርነትን ያስቀረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ተቃውሟል። ከዚያ ነፃ በወጡት ጥቁሮች ላይ ኬንታኪ ውስጥ የሚፈጸመውን ግፍ አየ። የቀድሞ የፖለቲካ ወገኖቹም ተበታትነው ነበር። በ1868 የሊንከን ፓርቲ የሆነውን የሪፐብሊካን ፓርቲ ተቀላቀለ። በ1871 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር የቀድሞ ንግግሩን እያነሱ ሲያፋጥጡት፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ተሸነፈ፤ በ1875 ደግሞም ተሸነፈ።

“ለድምፅ ብሎ ነው” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የዕድሜ ልክ ዳኛ ከሆነ በኋላ የማንም ድምፅ አላስፈለገውም። ከሁሉ የጠነከረው አቋሙ የመጣው ግን ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ወንድም ነበረው?

መልስ፦ ሮበርት ሃርላንን ማለትህ ነው። በባርነት የተወለደ ክልስ ሲሆን ያደገው በጄምስ ሃርላን ቤት ነው። የጄምስ ልጅ ነው ሲባል ኖሯል። በኋላ በዘሮቻቸው ላይ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ግን ይህን አልደገፈም። በሥጋ ባይዛመዱም አንድ ቤት መኖራቸው እርግጥ ነው። ሮበርት ካሊፎርኒያ ወርቅ በተገኘ ጊዜ ሄዶ ሀብት ይዞ ተመለሰ፤ እንግሊዝ ድረስ ሄዶም ፈረስ አወዳደረ። ኋላ በኦሃዮ ምክር ቤት ተመረጠ። እንዲህ ያለ ሰው ከልጅነቱ ያየ ዳኛ “ጥቁር ያንሳል” የሚለውን ወሬ እንዴት ይመን?

ጥያቄ፦ የሚስቱና የቀለም ዕቃው ታሪክ ምንድን ነው?

መልስ፦ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። ማልቪናን ያገባት በ1856 ነው፤ ስድስት ልጆች ወለዱ። በ1883 ፍርድ ቤቱ በሆቴል፣ በቲያትርና በትራንስፖርት አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን ሕግ ሲሽር ስምንቱ ዳኞች ተስማሙ። ሃርላን ብቻውን ቀረ። የልዩነት ሐሳቡን ሊጽፍ ቢቀመጥም ቃላቱ እምቢ አሉት፤ እንቅልፍ አጣ።

የቀድሞው ዋና ዳኛ ቶኒ በ1857 ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም የሚለውን ፍርድ ሲጽፍ የተጠቀመበት የቀለም ዕቃ እቤታቸው ነበር። ሃርላን ለቶኒ ዘመድ ሊሰጠው ቃል ሲገባ ማልቪና ደብቃው ነበር። አንድ እሑድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አውጥታ ወለወለችው፤ ቀለም ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ብዕሩ አላስቸገረውም። ይህን የምናውቀው እሷ ራሷ ጽፋ ስለተወችልን ነው።

ጥያቄ፦ በፕሌሲ ጉዳይስ?

መልስ፦ ሉዊዚያና ጥቁርና ነጭን በተለያየ ባቡር ፉርጎ የሚለይ ሕግ ነበራት፤ ፕሌሲ የሚባል ሰው ተከራከረው። በ1896 ሰባት ዳኞች ሕጉን ደገፉት። ሃርላን ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም ብሎ ብቻውን ተቃወመ። በዚያው ጽሑፍ ስለ ቻይናውያን የተናገረው ግን ያሳፍራል፤ ዜጋ እንዳይሆኑ የተከለከሉ ፍጹም ባዕድ ዘር አድርጎ ነው የገለጻቸው። ሁለቱንም አብሮ ማንበብ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ከዘሩ ሌላ ዳኛ ወጣ?

መልስ፦ ወጣ። በስሙ የተጠራው የልጅ ልጁ በ1955 እዚያው ፍርድ ቤት ገባ። አያቱ የተቃወመውን የመለያየት ሕግ ፍርድ ቤቱ በ1954 ከትምህርት ቤቶች ሽሮት ነበር። የልጅ ልጁ በገባበት ዓመት ያ ውሳኔ እንዴት ይፈጸም የሚለው ጉዳይ ሲቀርብ ከዘጠኙ ዳኞች አንዱ ሆኖ ፈረደ።