ለኦንላይን ጌም ፕሮሰሰር መቀየር፦ ጠይቁ፣ የምችለውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን የሰው ዴስክቶፕ ስፈታና ስገጥም እውላለሁ። ማታ ደግሞ ሲኤስ 2 (ካውንተር-ስትራይክ 2) እጫወታለሁ። ሰሞኑን "ፕሮሰሰር ልቀይር ነው፣ የቱ ይሻላል?" የሚል መልእክት በዛብኝ። ስለዚህ እዚሁ በአንድ ላይ እንጨርሰው። ስትጠይቁ የማዘርቦርዳችሁን ስም፣ የግራፊክስ ካርዳችሁን፣ የሚሞሪያችሁን ልክና የምትጫወቱትን ጌም ጻፉ። የማዘርቦርድ ስም ያልጻፈ መልስ አይጠብቅ። ስሙን የማታውቁ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና "ሜይንቦርድ" የሚለውን ክፈቱ።

ጥያቄ (የጎተራው)፦ ለጌም ጥሩ ፕሮሰሰር የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ (ሲኤስ በሌሊት)፦ ማዘርቦርዴ ቢ450 ነው። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 2600፣ 16 ጊጋ ሚሞሪ፣ አርቲኤክስ 3060 ካርድ አለኝ። ሲኤስ 2 ላይ ጭስ ሲወረወርና ሰው ሲበዛ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚወጣው የምስል ብዛት) ዝቅ ይላል። ካርዱን ልቀይር ወይስ ፕሮሰሰሩን?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ካርድህን አትንካው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ሞክር። የጌሙን ሪዞሉሽን ወደ 1280 በ720 አውርደው። ፍሬሙ ከፍ ካለ አቅም ያነሰው ካርዱ ነው። ባለበት ከቆመ ፕሮሰሰሩ ነው። አንተ ጋ ንቅንቅ እንደማይል ከወዲሁ እገምታለሁ። ደግሞ "ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 45 በመቶ ብቻ ነው የሚለው" እንዳትለኝ። ያ የሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሠራተኛ ክፍሎች) አማካይ ነው። የጌሙ ዋና ሥራ ጥቂት ኮሮች ላይ ተጭኖ እነሱ ሲጨናነቁ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ። ሰው ሁሉ ጊጋኸርዝ (የፕሮሰሰሩን የምት ፍጥነት) ይቆጥራል፣ ኮር ይቆጥራል። ካሹ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፕሮሰሰር የሚፈልገው መረጃ ከሚሞሪ እስኪመጣለት ድረስ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ወጥ የሚሠራ ሰው በርበሬው አጠገቡ ካለ ቶሎ ይጨርሳል። ለእያንዳንዷ ማንኪያ ጉሊት ደርሶ የሚመለስ ከሆነ እሳቱ ቢንቦገቦግ ምን ዋጋ አለው? ካሽ አጠገብ ያለው በርበሬ ነው። ኦንላይን ጌም ደግሞ በየቅጽበቱ የሁሉንም ተጫዋች ቦታ፣ ጥይቱን፣ ጭሱን፣ ድምፁን ያሰላል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ምልልሱ ብዙ ነው።

ያንተ 2600 ያለው ኤል3 ካሽ 16 ሜጋ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፍሎ 8 በ8። ራይዘን 5 5600 ላይ 32 ሜጋው ሳይከፈል ለስድስቱም ኮር የጋራ ነው። 5700ኤክስ3ዲ ላይ 96 ሜጋ ይደርሳል። በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ከተራው 5800ኤክስ ጋር አስተያየው። በጊጋኸርዝ ያንሳል፤ 4.5 ለ4.7። ጌም ላይ ግን ጥሎት ይሄዳል። ከላይ የተደረበበት 64 ሜጋ ካሽ ነው ይህን ያደረገው።

አማካይ ፍሬም ላይም አትተኙ። አማካዩ 200 ሆኖ ሰው ጥግ ላይ ብቅ ባለብህ ቅጽበት 60 ከወረደ 200ው ምን ይረባሃል? "1 በመቶ ሎው" የሚባለውን ቁጥር እዩ፤ ፍሬሙ በጣም የሚወርድባቸውን ቅጽበቶች የሚያሳይ ነው። ካሽ የሚያነሳው በተለይ እሱን ነው።

በአጭሩ 5600 ይበቃሃል። ኪስህ ከፈቀደ 5700ኤክስ3ዲ። ማዘርቦርድህም ሚሞሪህም ይቀጥላሉ። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሚሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ፣ ያለህን ዲዲአር4 ሚሞሪ ይዘህ መቀጠልህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ 2600ው ሳይወጣ ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ፕሮግራም) አድስ። ቢ450 በ2018 ሲወጣ እነ 5600 ያሉበት የ5000ዎቹ ትውልድ ገና አልነበረም። ሳታድስ ከቀየርክ ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቅህ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ደግሞ ቦርዱ እዚያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ አድስ። ዩፒኤስ ከሌለህ ያለው ጓደኛህ ቤት ተሸክመህ ሂድ። እየቀለድኩ አይደለም።

ጥያቄ (አዳማ ነኝ)፦ ራይዘን 5 5500 በርካሽ አገኘሁ። ከ5600 የሚያንሰው ስሙ ላይ ባለችው 100 ብቻ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ስሙ ነው የሚያሳስተው። 5500 ካሹ 16 ሜጋ ነው፣ ግማሽ። የዋጋ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ግዛው፤ ትንሽ ከሆነ ጨምረህ 5600 ውሰድ። ቦርድህ ምንድነው? አልጻፍክም።

ጥያቄ (አዳማ ነኝ)፦ ኤ320።

መልስ፦ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የቦርድህን ስም ከነመጨረሻ ፊደሉ ፈልግና የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እይ። ካለበት ባዮስ አድስ። ዩፒኤስ ላይ።

ጥያቄ (ቀዝቃዛ ቡና)፦ ቢሮ የነበረ ዴል ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5-4570፣ ሚሞሪው 8 ጊጋ። በአይ7-4790 ብቀይረው ቫሎራንትና ፎርትናይት ይነዳል?

መልስ፦ ይገባለታል። ሶኬታቸው (ማዘርቦርዱ ላይ የሚገቡበት ቦታ) አንድ ነው፣ ኤልጂኤ 1150። 4 ኮር 4 ስሬድ (ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚይዙት የሥራ መስመር) የነበረው 4 ኮር 8 ስሬድ ይሆንልሃል። ቫሎራንት ቀለል ያለ ጌም ስለሆነ ይሄዳል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ አታፍስበት። ይህ የ2013 እና የ2014 ቴክኖሎጂ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ ከኢንቴል የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አብቅቷል። በማጭበርበሪያ መንገድ 11ን ልጫን ብትል ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪውር ቡት የሚባሉትን የደህንነት መጠበቂያዎች ይፈልጋል። እዚያ ላይ ትቀራለህ።

ሌላው ፓወር ሰፕላዩ ነው። የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ዋታቸው ትንሽ ነው። አንዳንዶቹ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ገመድ ከተለመደው ስለሚለይ ከገበያ ሌላ ገዝተህ አትገጥምም። ትልቅ ካርድ ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ እየው። እኔ ብሆን 4790ውን በጣም ርካሽ ካገኘሁ ብቻ አስገባዋለሁ። አለዚያ ብሬን አጠራቅማለሁ።

ጥያቄ (ጄነራል)፦ መገናኛ አንዱ ሻጭ ባለ 14 ኮር ዜኦን ከነቦርዱ በአይ5-12400ኤፍ ዋጋ አቀረበልኝ። 14 ከ6 አይበልጥም?

መልስ፦ ለሒሳብ ፈተና ይበልጣል። ዜኦን ኢ5-2680 ቪ4 ከሆነ የሰጠህ፣ የ2016 የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው። ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ። ቪዲዮ ሬንደር ለሚያደርግ ሰው ይጠቅማል። ጌም ግን ጥቂት ፈጣን ኮር ነው የሚፈልገው። 12400ኤፍ በ6 ኮሩ ይበልጠዋል።

ጊጋኸርዙም ቢሆን ትውልድ ካልታየ ብቻውን አይነግርህም። አይ7-4790ኬ ጣሪያው 4.4 ነው። 12400ኤፍም ጣሪያው 4.4 ነው። መሀላቸው 8 ዓመት አለ። አዲሱ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ እጅግ ይበልጣል። ሻጩን ምንም አትበለው፤ ዞር በል ብቻ።

ሰማያዊው፦ ደስ ይለኛል 12400ኤፍ መባሉ። ኤኤምዲ ኤኤምዲ ስትሉ ነበር። ኢንቴል ሰክተህ ትረሳዋለህ።

ቀዩ፦ ትረሳዋለህ? የኢንቴል 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ሲቃወሱ የት ነበርክ? በየሁለት ዓመቱ ሶኬት ይቀይራሉ። የኤኤምዲው ኤኤም4 ላይ ከ2017ቱ ራይዘን እስከ 5800ኤክስ3ዲ በአንድ ሶኬት ተጓዝን።

ሰማያዊው፦ እሱን ስትል ባዮስ ስታድስ ስንት ቦርድ እንደተቃጠለ አትናገርም።

የድሮ ሰው፦ እናንተ ልጆች። እኛ ጌም ቤት ሲኤስ 1.6 በፔንቲየም 4 ስንጫወት ማን ፍሬም ይቆጥር ነበር? ሰዓት ቆጥረን እየከፈልን እንጫወት ነበር። ላግ (የጌም መዘግየት) የሚባል አናውቅም።

ቀዩ፦ ላግ አናውቅም ያላችሁት ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበራችሁ ነው ጋሼ።

መልስ፦ ቀዩ በዚህኛው ልክ ነው። በሌላው ሁለታችሁም ደጋፊ እንጂ ገዢ አትመስሉም። የ13ኛውና 14ኛው ትውልድ ችግር እውነት ነው። ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን ይጎዳ ነበር። በተለይ አይ7 እና አይ9 ከፍተኛዎቹ ላይ። ኢንቴል በነሐሴ 2024 የፈረንጆች ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው በባዮስ ነው የሚገባው። የተጎዳውን ግን አያድነውም። ስለዚህ ያገለገለ 13900ኬ ወይም 14900ኬ ከማታውቁት ሰው አትግዙ። 12400ኤፍን ይህ ችግር አይነካውም። በቃ፣ ወደ ጥያቄ።

ጥያቄ (ፒንግ አስለቀሰኝ)፦ ዶታ የሚባለው ጌም ላይ ላግ ገደለኝ። የቱን ፕሮሰሰር ብገዛ ይቀንሳል?

መልስ፦ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጣው ፍሬም) እና ፒንግ (መልእክት ጌሙ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ሚሊሰከንድ)። የትኛው ነው የሚበላሸው?

ጥያቄ (ፒንግ አስለቀሰኝ)፦ ፒንግ። 180 ምናምን ይገባል።

መልስ፦ እንግዲያው ብርህን ኪስህ ውስጥ መልሰው። የትኛውም ፕሮሰሰር ፒንግህን አያስተካክልም። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልስ 53 ሚሊሰከንድ። ይህ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው። የኛ መስመር ደግሞ ባሕር ስለሌለን በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች ዞሮ ነው የሚወጣው። ዶታ ላይ ዱባይ ሰርቨር አለ፤ እሱን ምረጥና አወዳድር። ቫሎራንት የምትጫወቱ ባሕሬንን ሞክሩ። ከዚያ ዋይፋዩን ተውና በገመድ ተገናኝ። ግድግዳ እየሰበረ የሚመጣ ዋይፋይ ይዞ ስለ ፕሮሰሰር የሚያወራ ሰው ያናድደኛል።

ጥያቄ (ሐዋሳ ሐይቅ)፦ እህቴ ከቨርጂኒያ በቅርቡ ትመጣለች። "አንድ ነገር ላምጣልህ" ብላኛለች። ምን ላስመጣ? ማዘርቦርዴ ኤች610 ዲዲአር4፣ አይ3-12100ኤፍ፣ አርኤክስ 6600፣ 16 ጊጋ በአንድ ስቲክ (አንድ የሚሞሪ ቁራጭ)።

መልስ፦ እህትህን እግዚአብሔር ይስጥልን። ፕሮሰሰር ለሻንጣ የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ መዳፍ ላይ ያልቃል። አይ5-12400ኤፍ ወይም 13400ኤፍ ታምጣልህ። ለ13400ኤፍ ባዮስ ማደስ ሊያስፈልግህ ይችላል። በባለ ሣጥኑ ትግዛ፣ ማቀዝቀዣው አብሮ አለ። ሣጥን የሌለው "ትሬይ" የሚባለው ማቀዝቀዣ የለውም። ከነፕላስቲክ ማቀፊያው ታምጣው። ኤኤም4 የምታስመጡ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ይጣመማሉ።

ሁለተኛ ነገር፣ ያንን ሚሞሪ በሁለት ስቲክ አድርገው። ካለህ ጋር የሚመሳሰል ሁለተኛ ጨምርበት። ሚሞሪ በአንድ መስመር ሲሄድ ፕሮሰሰሩ ይራባል። ባዮስ ውስጥ ገብተህ ኤክስኤምፒን (ሚሞሪው በተሠራበት ፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርገውን ምርጫ) አብራ። ይህን ብቻ አድርገህ "ፕሮሰሰሩን መቀየር ለምን አስፈለገኝ?" ልትል ትችላለህ። ስለዚህ እህትህ ሳትገዛ በፊት ከጓደኛህ አንድ ስቲክ ተዋስና ሞክር።

ጥያቄ (ሐዋሳ ሐይቅ)፦ ቀረጥ ይጠየቃል?

መልስ፦ ጉምሩክን ጠይቅ።

ጥያቄ (እናት)፦ ይቅርታ፣ እኔ አልገባኝም። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ፎርትናይት ይጫወታል። "ባለ ኤፍ ፕሮሰሰር ግዢልኝ" አለኝ። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ምን ልግዛለት?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁ። ኤፍ ያለበትን እንዳይገዙ። ኤፍ ማለት በውስጡ ምስል የሚያወጣ ክፍል የለውም ማለት ነው። ካርድ ከሌለ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ተራው ራይዘን 5 5600ም እንደዚያው ነው። ማዘርቦርዱ ኤኤም4 ከሆነ ራይዘን 5 5600ጂ ይግዙለት። ፎርትናይትን ዝቅ ባለ ሴቲንግ ያጫውተዋል። ሚሞሪው የግድ ሁለት ስቲክ ይሁን፤ ግራፊክሱም ከዚያው ነው የሚበላው። የማዘርቦርዱን ስም ልጁ ይላክልኝ፣ እርስዎ አይቸገሩ።

ጥያቄ (ላፕቶፕ)፦ የላፕቶፔን ፕሮሰሰር መቀየር እችላለሁ?

መልስ፦ የአሁኖቹ ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አትችልም።

ጥያቄ (ፍጥነት)፦ 9800ኤክስ3ዲ ልግዛ ብዬ ነው። ካርዴ ጂቲኤክስ 1650፣ ሞኒተሬ 60 ኸርዝ ነው።

መልስ፦ 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳይህ። 400 ፍሬም ብታመርት የት ታየዋለህ? ደግሞ ለዚያ ኤኤም5 ቦርድና ዲዲአር5 ሚሞሪ ትገዛለህ። መጀመሪያ 144 ኸርዝ ሞኒተር፣ ቀጥሎ ካርድ፣ ፕሮሰሰሩ ይቆይ።

ቀዩ፦ ዝቅተኛ መዘግየት ግን 60 ኸርዝ ላይም ይሰማል። ፍሬም ሲበዛ ማውሱ ይቀልላል።

መልስ፦ ትንሽ ይሰማል፣ እውነት ነው። ለዚያ ትንሽ ስሜት አዲስ ቦርድና አዲስ ሚሞሪ ግዛ አልለውም።

ጥያቄ (ቢኒ ጌመር)፦ ሰላም። ለጌም አሪፍ ፕሮሰሰር የቱ ነው?

መልስ፦ ማዘርቦርድ!

ጥያቄ (ቢኒ ጌመር)፦ ጥቁር ነው።

መልስ፦ ...

የድሮ ሰው፦ ሳቄን አላቆም አልኩ።

ጥያቄ (ሲኤስ በሌሊት)፦ ሪዞሉሽኑን አውርጄ ሞከርኩ። ፍሬሙ አልተነቃነቀም፤ ፕሮሰሰሩ ነው። 5600 ላዝ ነው። 2600ውን አሁኑኑ ቴሌግራም ላይ ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጠው። ባዮሱን የምታድሰው በሱ ነው። 5600ው ገብቶ ጥቂት ቀን ያለችግር ከሠራ በኋላ ሽጠው። ስታወጣው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አብርተህ ትንሽ አሙቀው፤ ቀጥሎ አጥፋውና ገመዱን ንቀል። ካላሞቅከው የደረቀ ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ይዞት ማቀዝቀዣውን ስትስብ ፕሮሰሰሩ ከነእግሩ ተነቅሎ ሊመጣ ይችላል። ቀጥ አድርገህ አትሳብ፣ ቀስ እያልክ ግራ ቀኝ አዙረው። አዲስ ፔስትም አትርሳ፤ የምስር ፍሬ የምታህል መሀል ላይ ትበቃለች።