«የፀደይ ማዕበል» ብሎ ነገር አለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ሰሞኑን ስልኬ ላይ ስለ አሜሪካ የአየር ሁኔታ የተተረጎመ ዜና አነበብኩ። «በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የፀደይ ማዕበልና በረዶ ይጠበቃል» ይላል። ፀደይ መስከረም አይደለም እንዴ? ባሕር በሌለበት አገርስ ማዕበሉ ከየት መጣ?

መልስ፦ ፀደዩ ልክ ነው፤ ማዕበሉ ነው የተሳሳተው።

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የእነሱም ወቅት በመጋቢት ጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃልና ይገጥማል። መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው። ብዙ ሰው ግን የአበባውን ወቅት ፀደይ ይለዋል፤ አደይና ፀደይ ቤት ስለሚመቱ ይሆን እላለሁ፣ ግምቴ ነው። ዛሬ ያንን አጠቃቀም ከሰው አፍ ማስጣል የሚቻል አይመስለኝም።

«ታዲያ ለምን በልግ አላሉትም?» ትል ይሆናል። የእኛ የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ ስለሚከፍል ፀደይ የሚለውን እዚያ አትሰማውም። ግን በልግ የወቅት ስም ብቻ አይደለም። ዝናቡም በልግ ነው፣ በዚያ ዝናብ የሚዘራውም የበልግ እህል ነው፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ደርቆ የከረመው ቡና ያ ዝናብ ሲነካው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ አበባ ይለብሳል። ይህን ሁሉ የያዘ ቃል አሜሪካ መካከል ላለችው ለካንሳስ ግዛት አላውሰውም። ፀደይ ይበቃቸዋል።

ወደ ማዕበሉ ልምጣ። ማዕበል የውሃ ነው፣ ባሕር ወይም ሐይቅ ይፈልጋል። እዚያ የሚሆነው ሌላ ነው፦ ከካናዳ የሚወርደው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ጋር ይገናኛል፣ ሞቃቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ደመናው ይቆለላል፣ ከዚያ ነጎድጓዱ፣ በረዶው፣ ሲብስም አውሎ ነፋሱ ይከተላል። ይህ ወጀብ ነው። ውሽንፍር ብትለውም ያንስበታል፤ ውሽንፍር በረንዳ ላይ ጣሪያ ስር የተቀመጠውን ሰው ከጎን መጥቶ የሚያረጥበው፣ በነፋስ የሚገፋ ዝናብ ነው።

አንተ ያልጠየቅከው አንድ ነገር አለ፣ በረዶ። ጅማ ላይ በረዶ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ አንዱ ግዛት ላይ ይኸው ሲወርድ ሌላው ላይ እንደ ጥጥ የሚከመረው ይወርዳል፣ እኛ ደግሞ ለሁለቱም ያለን አንድ ቃል ነው። ተርጓሚው ካልለየው አንባቢው የቱን እንደሆነ በምን ያውቃል?

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል ነጎድጓድ፣ ኃይለኛ ነፋስና እንደ ጠጠር የሚወርድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሊጥል ይችላል።» ወሩን አንባቢው ስለሚያውቀው ፀደይ የሚለውን ጭራሽ አላስገባውም።