የአንባብያን ጥያቄ፦ ክረምቱ ሲወጣ ከልጆቻችን ጋር የምንሰበሰብባቸው ቀናት

በዚህ የነሐሴ እትም ያስተናገድናቸው አራት ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የሚኖሩባቸው ከተሞች ቢለያዩም የሁሉም አሳብ ተቀራራቢ ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሰው በሚሰበሰብባቸው ቀናት ቤተሰባቸውን ይዘው እንዴት እንደሚገኙ፣ ወይም ራሳቸው ሰው የሚሰበስቡ ከሆነ እንዴት እንደሚያሰናዱ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ “ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ስለተዛወረ ወደ ደብረ ብርሃን የመጣነው በሚያዝያ ወር ነው፤ የምንኖረውም ጠባሴ አካባቢ ነው። የአሥር ዓመት ሴት ልጅ፣ እንዲሁም የሰባትና የሦስት ዓመት ወንዶች ልጆች አሉን። ክረምቱን ቤት ዘግተን ስላሳለፍነው ጎረቤት እንኳ በቅጡ አላወቅንም። ከጳጉሜን እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት ልጆቼን ይዤ የምወጣበት ምን ምን አለ? ደመራውን ላሳያቸው እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን እሳቱንና ግርግሩን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርዱን እፈራለሁ።”

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ወደ ደብረ ብርሃን በደኅና መጡ። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች የብርዱ ነገር ቢያሳስብዎት አይፈረድብዎትም። ሆኖም የጠየቁባቸው ሳምንታት ለልጆች ከዓመቱ ሁሉ የተመቹ ናቸው፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ጭቃው ይጠጥራል፣ ሜዳው ገና ለምለም ነው፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባው ውርጭም የሚበረታው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጳጉሜን 3፣ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዚያ ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ከየቤታቸው እየሮጡ ወጥተው ይመቱበታል፤ እናቶችም ውኃውን በዕቃ ያጠራቅሙታል። ለዚህ የትም መሄድ አያስፈልግም፤ በራፍዎ ይበቃል። ትንሹን ልጅዎን ግን እርጥብ እንደሆነ አያቆዩት፤ ፎጣውና ደረቁ ልብስ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ችቦ ይበራል፤ በማግሥቱ ደግሞ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ወንዶች ልጆችም በእጃቸው የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤት ያበረክታሉ። ጎረቤት አላወቅንም ላሉት ሰው ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሴቶች ልጆች ካሉበት አንድ የሠፈርዎ ቤት ይሂዱና “ልጄን ከልጆቻችሁ ጋር ቀላቅሉልኝ” ብለው ይጠይቁ፤ እንዲህ ብላ የመጣችን እናት እምቢ የሚል ቤት በዚህ አገር የለም። ልጅዎ ከጓደኞቿ ጋር ግጥሙን ስታጠና፣ የአደይ አበባውን ግንድ በቄጤማ ጠፍራ ስታስር፣ እርስዎም ከእናቶቹ ጋር ቡና ጠጥተው ይተዋወቃሉ። የሰባት ዓመቱ ልጅዎም ሥዕሉን ዛሬውኑ ይጀምር፤ የተገዛ ካርድ ሰጥቶ ከመመለስ ይልቅ ራሱ የሣለውን ይዞ ቢያንኳኳ የበለጠ ያስደስተዋል።

የደመራው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። መስከረም 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ካህናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ደመራውን እየዞሩ ይዘምራሉ፤ እሳቱ የሚለኮሰው ቀኑ ከገፋ በኋላ ሲሆን፣ ደመራውን በማግሥቱ መስከረም 17 ማለዳ የሚያበሩ አጥቢያዎችም አሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ከከተማው ትልቅ ደመራ ይልቅ የሠፈሩ አነስተኛ ደመራ ይሻለዋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። በትልቁ ሜዳ ልጁ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ በሠፈሩ ደመራ ግን ችቦ ይዞ ይዞራል፣ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች አጠገቡ አሉ፣ ቤቱም ቅርብ ስለሆነ ብርዱ ሲጸና ወዲያው ይመለሳል። በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ በዓል መሠረቱ ይኸው የሠፈር ደመራ ነው።

ስለ እሳቱ የምመክርዎ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲመጣ ሆነው እንዲቆሙና ከደመራው ቁመት ቢያንስ በእጥፍ እንዲርቁ ነው፤ ደመራው በየት በኩል እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። ልጆቹን የናይለን ጃኬት አያልብሷቸው፤ ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። ከበግ ፀጉር የተሠራ ልብስ ግን እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ይህን ደግሞ የመንዝ ሸማኔዎች ለዘመናት ሲሠሩት ኖረዋል፣ በገበያም ይገኛል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ወረቀት ይጨምሩ፤ ከተጠፋፋችሁም የምትገናኙበትን አንድ ቦታ ከመውጣታችሁ በፊት አሳዩት።

ባለፈው ዓመት በሠፈራችን ደመራ አጠገብ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ ከትተው፣ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥተውለት ቆመው ነበር። ጢሱ ወደ እነርሱ ሲያዘነብል በመዳፋቸው ዓይኑን ይሸፍኑለትና ጢሱ ሲገፈፍ እጃቸውን አንሥተው “አሁን ተመልከት፣ ማጋደል ጀምሯል” ይሉት ነበር። ደመራው ሲወድቅ ልጁ የጮኸው በደስታ ነው፤ ፍርሃት ፊቱ ላይ አልታየም። እርስዎም ልጆችዎ ምን እንደሚያዩ ቀደም ብለው ቢነግሯቸው እሳቱ አያስደነግጣቸውም።

ጥያቄ፦ “በመሐል ሜዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አርባ ያህል ተማሪዎችንና ፈቃደኛ ወላጆችን ይዘን የመንዝን የተጠበቀ የሣር ምድር፣ ጓሳን፣ ለመጎብኘት አስበናል። ቅርባችን ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ልጆች አይተውት አያውቁም። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ጉዞውስ ሽርሽር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ምን እናድርግ?”

መልስ፦ መምህር፣ አሳብዎ እጅግ ደስ አሰኝቶናል። ወቅቱን በተመለከተ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ገና አልበረታም። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ስለሆነ ልጆቹ ጠዋት ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ሳይዙ መውጣት የለባቸውም። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሣሩ ስለሚወጡ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ መንጋውን በደንብ ታያላችሁ። ከጉዞው ቀን በፊት ግን ለጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ አስታውቁ፤ መንገዱ ለጉዞ የተመቸና ሰላማዊ መሆኑንም ከወረዳው አረጋግጡ፤ አጠራጣሪ ከሆነ ቀኑን ለመለወጥ አታመንቱ።

ሽርሽር እንዳይሆን ላሉት፣ በእኔ አስተያየት የጓሳ ትልቁ ትምህርት ያለው በጠባቂዎቹ ታሪክ ውስጥ ነው፤ አራዊቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይህን ምድር የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ሕዝቡ በመረጠው አለቃ መሪነት ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ለግጦሽም ለአጨዳም ተዘግቶ ይቆይና ድርቅ ሲጸና ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከብቱ ይግጣል፣ ሣሩም ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ከተፈቀደው ቀን በፊት የገባ ሰው ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ተዳከመ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ እንደገና አቁሞታል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሥርዓቱን በዓይናቸው ያዩ ወይም ከአባቶቻቸው የሰሙ ሁለት ሦስት አረጋውያን ወደ ክፍል ይጋብዙ፤ ተማሪዎቹም ጥያቄያቸውን አስቀድመው ይጻፉ። ሣር ማን ያጭድ እንደነበር፣ ማን እንደሚቀጣና ቅጣቱ ምን እንደነበር ይጠይቁ። አብረዋቸው የሚሄዱት ወላጆችም ከዚህ ውይይት ባይቀሩ መልካም ነው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው መላሾች ሆነው ይገኙ ይሆናል።

በቦታው ላይ አርባውን ልጅ በአንድ አታስኪዱ፤ በአራት ክፈሏቸው። ቀይ ቀበሮ ብቻውን እየዞረ አይጥና ፍልፈል የሚያድን፣ ለጫጫታ የማይቀርብ አውሬ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ያነሰ ሲሆን ሁሉም በአገራችን ነው። ትልቁ ጠላቱ ከሰው ቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ ውሻ ተከትሏችሁ እንዳይመጣ ተጠንቀቁ፤ ያመጣችሁትን ዳቦና ቆሎ ትራፊም ሰብስባችሁ ተመለሱ፤ ትራፊው ውሻ ይጠራልና። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ቢያውቁት ለየቤታቸው ውሻ ክትባት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለመንደሩም ሆነ ለቀበሮው የሚበጀው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ “በደብረ ሲና የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአዲሱ ዓመት በከተማችን የደም ልገሳ ቀን እንዲዘጋጅ ልንጠይቅ ነው። ቀኑን የገበያ ቀን ብናደርገው ሕዝብ ይበዛልናል ብለን አስበናል። እንዴት ያዩታል?”

መልስ፦ አባታችን፣ አሳባችሁ የተባረከ ነው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳት እናት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። የገበያ ቀኑን ግን አልደግፈውም። ደም የለገሰ ሰው በዚያው ቀን ከባድ ሸክም መሸከም የለበትም፤ ለገበያ የመጣው ገበሬ ደግሞ የሸመተውን ተሸክሞ የደብረ ሲናን ዳገት መውጣቱ አይቀርም። ረቡዕንና ዓርብንም ተዉአቸው፤ የሚጾመው ሰው ሳይበላ ስለሚመጣ ሊያዞረው ይችላል። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር 14 ድረስ የነቢያት ጾም አልገባምና፣ ከጽጌ የፈቃድ ጾም በቀር፣ ሰፊ ጊዜ አላችሁ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ቀን ከሚሰለፍ ሃምሳ ሃምሳው በየሁለት በየሦስት ሳምንቱ ቢመጣ ይጠቅማል። ቀኑን የሚያወጣውን የደም ባንክ ቀድማችሁ አማክሩ።

ጥያቄ፦ “በደብረ ብርሃን የአንድ እድር ኮሚቴ አባል ነኝ። በመስከረም የሠፈሩን ቤተሰቦች ሁሉ በአንድ ቀን ለመሰብሰብ አቅደናል፤ ጠዋት ጽዳት፣ ከሰዓት የልጆች ሩጫና ጨዋታ፣ ከዚያም ምሳና ቡና ይኖራል። በሠፈራችን ከቀያቸው ተፈናቅለው የተከራዩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉን። ባለፈው ዝግጅት አብዛኞቹ አልመጡም። ማንም ተረስቶ እንዳይቀር ምን እናድርግ?”

መልስ፦ እመቤቴ፣ ጥያቄዎ መልሱን በከፊል ይዟል፤ ያልመጡት ለምን እንዳልመጡ የጠየቃቸው ሰው አለ? ከሁሉ አስቀድሞ ከኮሚቴው ሁለት ሰው ወደ እያንዳንዳቸው ቤት ሄዶ ይጠይቅ። እድር ሲያስለፍፍ የሚሰማው አባሉ ነው፤ የተፈናቀለው ቤተሰብ አባል ስላልሆነ ጥሪው እርሱን የሚመለከት አይመስለውም።

ሲሄዱ ደግሞ “ኑና ብሉ” ብቻ አትበሏቸው። ቤቱንና ከብቱን ጥሎ የመጣ ሰው እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ከብዶታል፤ ድርሻ ስጡት። አንዷ እናት ቡናውን ታፍላ፣ አንዱ አባት የሩጫውን መነሻና መድረሻ ይለካ፣ ወጣቶቹ ከሠፈሩ ልጆች ጋር በአንድ ቡድን ይግቡ። መዋጮ የማትጠይቁት እነርሱን ብቻ እንዳይመስል፣ ለሁሉም ሰው በገንዘብ ወይም በጉልበት ብላችሁ አስታውቁ። ስጦታ የምትሰጡ ከሆነም በአደባባይ አይሁን፣ ፎቶም አይነሣ፤ ይህን አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ቀኑን ከማውጣታችሁ በፊት ከራሳቸው ጋር ተማከሩ። በዓሎቻቸው በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚመሩ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ይቀድማሉና፣ ያለፈው ዓመት ቀን ለዘንድሮ አያገለግልም። ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሰዓት አይሁን፤ ምሳውም ሥጋ ካለበት እርዱ ለየብቻ ይሁን፣ ድስቱም ጭልፋውም አይቀላቀል። ለሁሉም የሚስማማ ነገር ከፈለጋችሁ ሽሮና ምስር፣ ዳቦና ቆሎ ማንንም አያስቀርም።

የመጨረሻው ስለ ማስታወቂያው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምኖርበትን ሠፈር የሚመለከት አንድ ስብሰባ “3፡00” ተብሎ ብቻ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። እኔ ጠዋት 3 ሰዓት ስደርስ በሩ ተዘግቷል፤ ለካስ ጸሐፊው በፈረንጅ አቆጣጠር ቆጥሮ ከሰዓት 9 ሰዓት ማለቱ ነበር። ጠዋት ሕፃን አዝለው መጥተው የተመለሱ እናቶች ከሰዓት ዳግመኛ አልመጡም፤ ውሳኔውም ያለ እነርሱ ተወሰነ። ስለዚህ “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ቀኑንም ከወሩ ጋር ዕለቱን ጨምሩበት። ማንበብ ለማይችሉትና በር ላይ ለማያልፉት ደግሞ በዋዜማው ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ይናገሩ፤ ጥሪው በመጨረሻ የሚደርሰው ቤት የትኛው እንደሆነ ያውቃሉና ከዚያ ቤት እንዲጀምሩ ንገሯቸው።